የቆየ የብረት ጣሪያ ብየዳ ስንት ይሸከማል? ለመጋዘንና ለወፍጮ ቤት ባለቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ቡሬ ላይ የድሮ መጋዘን የገዛ ሰው ጣሪያው ላይ ሶላር መደርደር ይፈልጋል። ፍኖተ ሰላም ያለው ከትረሱ (ጣሪያውን ከተሸከመው የብረት ዘንጎች ማዕቀፍ) ላይ የጆንያ ማንሻ ሊያንጠለጥል አስቧል። ባሕር ዳር ያለው ደግሞ ብረት ማማው ላይ የተቀመጠውን ሮቶ በትልቅ ሊቀይር ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ብየዳው ይችላል?» የሚያገኙት መልስም አንድ ነው። በያጅ ይጠራል፣ በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ይሄማ ዝሆን ይሸከማል» ይላል።

መዶሻ የብየዳን አቅም አይለካም። ላዩ ማማሩም አይለካውም። አቅሙ የሚታወቀው አራት ነገር ሲጣራ ነው፦ የብየዳው መጠን፣ ጤንነቱ፣ የብረቱና የኤሌክትሮዱ ዓይነት፣ ከዚያም የሚመጣበት ጭነት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ውድ ማሽን ይከራያል፣ መጠኑን ግን ሳይለካ ይቀራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ካሊፐርና በቤት የተሠራ የላሜራ ጌጅ ከብዙ ማሽን የበለጠ መልስ ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። የመጨረሻውን ቁጥር አስልቶ የሚፈርመው ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። ይህ መመሪያ መሐንዲሱ በግምት እንዳይሠራ መረጃውን አሟልታችሁ እንድታቀርቡለት ነው። በግምት እየሠራ ከሆነም ይገባችኋል።

## ከመውጣታችሁ በፊት፦ እነዚህን ካያችሁ አትውጡ

ከታች ሆናችሁ በደንብ እዩ። አቅራቢያ ካለ ሰው ባይኖኩላር ተዋሱ፣ ካልሆነ በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ አንሱ።

- ብየዳ ወይም ብረት ላይ ዓይን የሚያየው ስንጥቅ
- መሃሉ የረገበ ወይም ወደ ጎን የተጠማዘዘ ትረስ
- ከመገጣጠሚያው የተላቀቀ ዘንግ
- ዝገት በልቶት እንደ ቅጠል የሚላጥ የምሰሶ እግር

ከእነዚህ አንዱ ካለ ምርመራው አይጀመርም። ሰውንም እህልንም አውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ በብረት ድጋፍ ማስደገፊያውን መሐንዲስ መጥቶ ይወስን። ባሕር ዛፍ አቁሞ ማስደገፍ የተለመደ ነው። ግን በተሳሳተ ቦታ የቆመ ድጋፍ ለጉተታ የተሠራውን ዘንግ ወደ ግፊት ይቀይረውና ያጣምመዋል። ድጋፍ የሚቆመው ዘንጎች በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ስር እንጂ በዘንጉ መሃል አይደለም።

## ደረጃ 1፦ ወቅቱንና ዕቃውን አዘጋጁ

ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ደረቅ ወቅት ምረጡ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ስር ያለ ብረት ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። እርጥብ ብረት ላይ ደግሞ የስንጥቅ ምርመራ ፈሳሽ አይሠራም።

የሚያስፈልጋችሁ፦

1. መወጣጫ (መሰላል አይበቃም፤ ሁለት እጅ ነፃ መሆን አለበት)፣ የደህንነት ቀበቶ፣ ሄልሜት
2. የሽቦ ብሩሽ፣ መፋቂያ፣ የቀለም ማስለቀቂያ፣ ቲነር፣ ክር የማይተው ነጭ ጨርቅ
3. ካሊፐር፣ ሜትር፣ ሞረድ፣ ማግኔት፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነፅር
4. የብየዳ ጌጅ (ካልተገኘ አሠራሩ ደረጃ 5 ላይ አለ)
5. የስንጥቅ ምርመራ ስፕሬይ ሦስቱም ጣሳ፦ ማጽጃ፣ ቀዩ ፈሳሽ፣ ነጩ ዴቨሎፐር
6. ጠመኔ፣ የማይለቅ ማርከር፣ ደብተር

ፕላን ካለ ፈልጉ። ዋናው ፕላን ባይገኝም ለማሻሻያ ወይም ለባንክ ብድር የተሠራ ሊኖር ይችላል። የድሮ ጥበቃ ወይም ፎርማን ካለም ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ስንት በያጅ ሠራው? በኋላስ ምን ተጨመረበት? የሁለተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ከፕላኑ ይበልጣል።

## ደረጃ 2፦ የትኛው ብየዳ ወሳኝ እንደሆነ ለዩ

ሁሉንም ብየዳ እኩል መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ትረሱን ወረቀት ላይ ሳሉና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ቁጥር ስጡት። ያንኑ ቁጥር ብረቱ ላይ በማርከር ጻፉ።

ከዚያ በሦስት ቡድን ክፈሉ።

ቡድን ሀ፦ ቢለቅ ጣሪያው የሚወድቅበት። ትረሱ ምሰሶ ላይ የሚያርፍበት ቦታ፣ ለዳሮቹ የሚቀርቡት ሰያፍ ዘንጎች፣ የታችኛው ዘንግ የተቀጠለበት ቦታ፣ የምሰሶ እግር። ከዳር እስከ ዳር እኩል በተጫነ ትረስ ላይ ሰያፎቹ በጣም የሚወጠሩት ምሰሶው አጠገብ ነው። የላይኛውና የታችኛው ዘንግ ግን በጣም የሚጨነቁት መሃል ላይ ነው። ስለዚህ መሃል አካባቢ የተቀጠለ የታችኛ ዘንግ ካገኛችሁ አንደኛ ተጠርጣሪያችሁ እሱ ነው።

ቡድን ለ፦ ሌሎቹ የትረስ መገጣጠሚያዎች።

ቡድን ሐ፦ ቆርቆሮ ተሸካሚ ፐርሊን፣ የበርና የመስኮት ፍሬም። እነዚህንም አትናቁ። ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያን ነፋስ ወደ ላይ ሲያነሳው መጀመሪያ የሚለቀው የፐርሊኑ ብየዳ ነው።

ቡድን ሀ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከቡድን ለ እኔ ከአምስት አንዱን እመርጣለሁ፤ ከሐ የተወሰነ ይበቃል። ምርጫው ግን በያጅን መከተል አለበት። የበያጅ እጅ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ትንሽ ካያችሁ የማን እንደሆነ ትለያላችሁ። ከየእጁ ናሙና ውሰዱ። አንዱ እጅ ላይ ችግር ከተገኘ የዚያን ሰው ሥራ ሁሉንም መርምሩ።

## ደረጃ 3፦ ማጽዳት

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

መጀመሪያ አየሩን አረጋግጡ። የእህል መጋዘን ከሆነ የነቀዝ ክኒን መቼ እንደተቀመጠ ጠይቁ። ከክኒኑ የሚወጣው ፎስፊን ጋዝ ይገድላል። ዝም ተብሎ አይገባም። መጋዘኑ በሩ ተከፍቶ በደንብ ይናፈስ፣ የማከሚያው ጊዜ ማለቁንም ባለሙያው ያረጋግጥ።

ብልጭታ አታስነሱ። የዱቄትና የእህል ብናኝ አየር ላይ ሲበተን ይፈነዳል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት ወፍጮው ይቁም፣ ብናኙ ይጠረግ፣ ጆንያው ይውጣ።

የቀለሙን ዓይነት ጠርጥሩ። ከላዩ ቀለም ስር ብርቱካናማ ቀይ ፀረ ዝገት ካያችሁ ሊድ (መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። አታቃጥሉት፣ በደረቁም አትፍጩት። በቀለም ማስለቀቂያ አርጥባችሁ ፋቁት፣ ቅርፊቱን ላስቲክ ላይ ሰብስቡት፣ የብናኝ ማጣሪያ ማስክ አድርጉ። የሥራ ልብስ ይዛችሁ ቤት አትግቡ፤ በተለይ ሕፃን ካለ።

አሁን አጽዱ፦

1. የርግብ ኩስና አቧራውን አርጥባችሁ አንሱ።
2. ቀለሙን ከብየዳው ግራና ቀኝ ቢያንስ 25 ሚ.ሜ. ያህል አልፋችሁ አውልቁ።
3. በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ፈትጉ።
4. የቀረውን የብየዳ ቅርፊት በትንሽ መዶሻ አራግፉ።
5. በቲነር በራሰ ጨርቅ አብሱና ይድረቅ።

አታድርጉ፦ ብየዳውን በግራይንደር አታልሱት። ሁለት ጉዳት አለው። የምትለኩትን ብረት ይቀንሳል። ቀጭን ስንጥቅ ካለም የተፈጨው ብረት ተለስኖ አፉን ይዘጋዋል። ከዚያ ስፕሬዩ «ጤነኛ ነው» ይላችኋል።

ተሳስቶ ከተፈጨስ? በጥሩ ሞረድ በእጅ ጥቂት ሞርዱና ላዩን ክፈቱት። መጠኑን ግን ከመፈጨቱ በፊት የነበረውን ሳይሆን አሁን ያለውን መዝግቡ።

## ደረጃ 4፦ በዓይን ማየት

ባትሪውን ከጎን አብሩ፣ ፊት ለፊት አይሁን። ጥላው ጉድለቱን ያወጣዋል። የምትፈልጉት ይህን ነው።

ስንጥቅ። ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ተቀባይነት የለውም። በተለይ የብየዳው ጠርዝ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመርና የብየዳውን መጨረሻ ጉድጓድ እዩ። ቀለሙን ከማውለቃችሁ በፊት ቀለሙ ላይ የታየ ቀጥ ያለ የዝገት እንባ ካለ ቦታውን ምልክት አድርጉበት።

የተበላ ጠርዝ። በያጁ አምፔር አብዝቶ ከብየዳው አጠገብ ቦይ የቆፈረበት ነው። ጥልቀቱ ከ1 ሚ.ሜ. ካለፈ በችግርነት መዝግቡት። በጉተታ ላይ ላለ ዋና ዘንግ፣ ቦዩ ከጉተታው አቅጣጫ ጋር ሲሻገር፣ ከዚያ በጣም ያነሰውም ያሳስባል።

ነጥብ ብየዳ ብቻ። ለመያዣ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ «በኋላ እንጨርሰዋለን» ተብሎ የተረሳ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ከታች ሲታይ ሙሉ ይመስላል። በትረሱ የኋላ ገጽ፣ ግድግዳ በሚጠጋበት በኩል፣ ፈልጉት። እዚያ ለመበየድ የማይመች ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይጨረስ የሚቀረው እዚያ ነው።

የፌሮ ሙሌት። ይህ የእኛ አገር ልዩ በሽታ ነው ማለት ባልችልም ደጋግሞ ያጋጥማል። ዘንጉ አጥሮ ክፍተት ሲኖር ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፌሮ ቁራጭ ይሰነቀራል፣ ላዩ ላይ ብየዳ ይፈስበታል። ሲያዩት ወፍራምና የጠገበ ብየዳ ነው። ውስጡ ግን ፌሮው ከሁለቱም ጎን በስሱ ተነክቷል እንጂ አልተዋሃደም። እንዲህ ያዙት፦ ስፋቱ ከጎረቤቶቹ በግልጽ የበለጠ ብየዳ ሲኖር ጫፉን እዩ። ጫፉ ላይ የፌሮው ክብ አንገት ወይም ጥርሱ ብቅ ይላል። ካልታየ ጫፉን በሞረድ ጥቂት ሞርዱት። ክብ መስመር ከወጣ ያ ብየዳ በስሌት ውስጥ ዜሮ ነው።

ስቱኮ። ማግኔቱን በብየዳው ላይ አንሸራቱ። የሚለቅበት ቦታ ካለ ብረት አይደለም፣ የመኪና ስቱኮ ነው። ፋቁት።

## ደረጃ 5፦ መለካት

በሁለት ብረቶች ማዕዘን ላይ የሚፈስ ብየዳ ቁርጡ ሦስት ማዕዘን ነው። በሁለቱ ብረቶች ላይ የተኛው ርዝመት እግሩ ነው። ከማዕዘኑ ሥር እስከ ብየዳው ላይ ያለው አጭሩ ርቀት ጉሮሮው ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ጉሮሮው ነው። እግሮቹ እኩል ከሆኑና ላዩ ጠፍጣፋ ከሆነ ጉሮሮ የእግር 0.7 ያህል ነው።

ጌጅ ከሌላችሁ እንዲህ ሥሩ፦

1. የ2 ሚ.ሜ. ላሜራ ቁራጭ ውሰዱ። አንዱ ጥግ ትክክለኛ 90 ዲግሪ ይሁን።
2. ከጥጉ በሁለቱም ጠርዝ ላይ 6 ሚ.ሜ. ለክታችሁ ምልክት አድርጉ።
3. ሁለቱን ምልክት በቀጭን መስመር አገናኙና በሰጌቶ ቁረጡ፣ በሞረድ አስተካክሉ።
4. ላዩ ላይ «6» ብላችሁ ቅረጹ። ለ4፣ ለ5 እና ለ8 ሌሎች ሥሩ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የተቆረጠውን ጥግ ወደ ማዕዘኑ አስገቡ። የጌጁ ሁለት ጠርዞች ሁለቱን ብረቶች ነክተው በጌጁና በብየዳው መሃል ብርሃን ካለፈ ጉሮሮው ከ4.2 ሚ.ሜ. ያንሳል። ጌጁ ብየዳው ላይ ተቀምጦ ከብረቶቹ ከራቀ ግን 4.2 ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ወጥመድ አለው። ሆዱ የተነፋ ብየዳ ጌጁን ያነሳዋል፣ እግሮቹ ግን አጭር ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ እግሮቹንም ለኩ። የትንሿን እግር 0.7 አውጡ፣ በጌጁ ካገኛችሁት ጋር አወዳድሩ፣ አነስተኛውን ውሰዱ።

በእያንዳንዱ ብየዳ ላይ ቢያንስ ሦስት ቦታ ለኩ፣ በጣም የቀጠነውን መዝግቡ። አማካይ አታውጡ። ርዝመቱን ስትለኩ መነሻና መድረሻ ላይ የሳሳውን ቀንሱ። በተለምዶ ከየጫፉ አንድ የጉሮሮ መጠን ይቀነሳል። ከ30 ሚ.ሜ. ወይም ከጉሮሮው ስድስት እጥፍ (የሚበልጠው ተወስዶ) ያጠረ ብየዳ ጭነት ተሸካሚ ተብሎ አይቆጠርም። ጉሮሮው ከ3 ሚ.ሜ. በታች የሆነም እንዲሁ።

የብረቱን ውፍረትም ለኩ። ቱቦላሬ ከሆነ ይህን አትዝለሉ። ግድግዳው 2 ሚ.ሜ. በሆነ ቱቦላሬ ላይ የ6 ሚ.ሜ. እግር ያለው ብየዳ ቢኖርም መጀመሪያ የሚቀደደው ግድግዳው ነው። ቱቦላሬ ውሃ ከገባበት ከውስጥ ይዝጋል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ተዋሱ። ውሃ ይኖራል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እዚህ ላይ መዶሻ ይጠቅማል፤ ውሃ ያለበትና ባዶው ድምፃቸው ይለያያል።

## ደረጃ 6፦ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ መፈለግ

ቡድን ሀ ላይ የስንጥቅ ስፕሬይ ተጠቀሙ።

1. ብረቱ ደረቅና ከ10 እስከ 50 ዲግሪ ሙቀት መካከል መሆኑን አረጋግጡ። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ በታኅሣሥ ጠዋት ከሆናችሁ ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠብቁ። በእሳት አታሙቁት።
2. ቀዩን ፈሳሽ ነፍታችሁ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ቆዩ። ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አያንስም።
3. ትርፉን በደረቅ ጨርቅ አብሱ። ቀጥሎ ማጽጃውን ጨርቁ ላይ ነፍታችሁ በስሱ አብሱ።
4. ነጩን ዴቨሎፐር ከ30 ሴ.ሜ. ያህል ርቀት በስሱ ንፉ።
5. ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቀይ ቀጭን መስመር ስንጥቅ ነው። ቀይ ነጥብ አረፋ (ብየዳው ውስጥ የቀረ የጋዝ ቀዳዳ) ነው።

ሁሉም ቦታ ሮዝ ከሆነስ? በደንብ አላበሳችሁም ወይም ላዩ በጣም ሻካራ ነው። ከ1 ጀምራችሁ ድገሙ።

ምንም ካልታየስ? ማጽጃውን በቀጥታ ብየዳው ላይ ነፍታችሁ ከሆነ ቀዩን ከስንጥቁ ውስጥ አጥባችሁ አውጥታችኋል። ያ ውጤት አይያዝም። ድገሙት።

ስፕሬይ ላይ ላዩን የተከፈተውን ብቻ ያሳያል። የተቀጠለ የታችኛ ዘንግ፣ ፊት ለፊት ተገጥሞ የተበየደ፣ ከሆነ ውስጡን በአልትራሳውንድ ማስመርመር ይገባል። ውፍረቱ ከ8 ሚ.ሜ. በታች ከሆነ ግን መደበኛው የአልትራሳውንድ አሠራር አይሸፍነውም። በ5 ሚ.ሜ. አንግል (ባለ ኤል ቅርጽ ብረት) ላይ «በአልትራሳውንድ አየሁት» የሚል ባለሙያ ከመጣ በምን አሠራር እንደሆነ ጠይቁት።

## ደረጃ 7፦ ብረቱና ኤሌክትሮዱ ምንድን ናቸው?

ማስረጃ ከሌላችሁ ዝቅተኛውን ገምቱ። ለብረቱ የኤስ235 ደረጃ (235 ሜጋ ፓስካል፣ ማለትም በካሬ ሚ.ሜ. 235 ኒውተን ሲደርስ በቋሚነት መለጠጥ የሚጀምር ብረት)፣ ለኤሌክትሮዱ ገበያው ላይ የተለመደውን 6013። የ60ው ትርጉም የመጎተት ጥንካሬው 414 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው ማለት ነው።

ትልቅ ጭነት ሊጨመር ከሆነ ግምት አይበቃም፣ ናሙና ይቆረጥ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍሎች ዘንድ ደውላችሁ ማሽናቸው የሚሠራ መሆኑንና የሚቀበለውን የናሙና መጠን ጠይቁ። ሳትጠይቁ ቆርጣችሁ ከሄዳችሁ ናሙናው ሊያጥር ይችላል። ያኔ ሁለተኛ መቁረጥ ነው።

ናሙናው ጭነት ከማይበዛበት ቦታ ይወሰድ፤ የዘንግ ትርፍ ጫፍ ወይም የጋሴት (ዘንጎቹ ተገናኝተው የሚበየዱበት ጠፍጣፋ ብረት) ጥግ። ቦታውን መሐንዲሱ ያሳያችሁ። ጥጎቹን መጀመሪያ በትራፓኖ ብሱ፣ ከዚያ በሰጌቶ ቁረጡ። ሹል ጥግ የስንጥቅ መነሻ ነው። በጋዝ ከቆረጣችሁ ሙቀቱ የነካውን ክፍል በኋላ መጣል ስላለባችሁ ሰፋ አድርጉ።

ተንቀሳቃሽ የጥጥርነት መለኪያ ካገኛችሁ ብረት ሳትቆርጡ ግምት ይሰጣችኋል። የብሪኔል ቁጥሩን (የጥጥርነት ልኬቱን) በ3.45 ማባዛት የመጎተት ጥንካሬውን በሜጋ ፓስካል ያቀርበዋል። 120 ቢመጣ 414 ያህል ነው። ብየዳው አጠገብ ያለው ቁጥር ከሩቁ በጣም ከበለጠ ደስ አይበላችሁ። ብረቱ ጠጥሯል፣ ተሰባሪ ሆኗል ማለት ሊሆን ይችላል።

ኬሚካላዊ ይዘቱ ከተመረመረ የካርቦን አቻውን አስሉ፦ ካርቦን፣ ሲደመር ማንጋኒዝ ለ6፣ ሲደመር የክሮሚየም የሞሊብዲነምና የቫናዲየም ድምር ለ5፣ ሲደመር የኒኬልና የመዳብ ድምር ለ15። ውጤቱ ከ0.40 በታች ከሆነ ለመበየድ አያስቸግርም። ከ0.45 በላይ ከሆነ ሳይሞቅ የተበየደው ሁሉ ለስንጥቅ ይጠረጠራል።

## ደረጃ 8፦ አንዱን ከፍቶ ማየት

ልኬቱ ደህና፣ ስፕሬዩ ንጹህ፣ ግን በያጁ እስከ ሥር መድረሱ ካጠራጠራችሁ፣ ከቡድን ሐ በዚያው እጅ የተበየደ አንድ መገጣጠሚያ አስደግፋችሁ ቁረጡ። ቁርጡን በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራ ወደ ለስላሳ እያደረጋችሁ አጥሩት፣ እስኪያበራ። ከዚያ በናይታል ቀቡት።

ናይታል 5 እጅ ናይትሪክ አሲድ በ95 እጅ አልኮል ነው። አልኮሉ 70 ፐርሰንቱ ሳይሆን 95ቱ ይሁን። አረቄ አይሆንም፣ ውሃው ብዙ ነው። አሲዱን ወደ አልኮሉ ጨምሩ፣ ተቃራኒውን በፍጹም። ጓንትና መነፅር አድርጉ፣ ደጅ ላይ ሥሩ። የተረፈውን በተከደነ ጠርሙስ አታስቀምጡ፣ ሊፈነዳ ይችላል።

ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ብየዳው ከብረቱ በቀለም ይለያል። ሥሩ ላይ ጥቁር ቀጥ ያለ መስመር ከቀረ ብየዳው ማዕዘኑ ድረስ አልወረደም። ትክክለኛውን ጉሮሮ ከዚያ መስመር ጫፍ ለኩ። በውጭ 4 ሚ.ሜ. የተለካው 2.5 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ የዚያ እጅ ሥራ ሁሉ በአዲሱ ቁጥር ይሰላል።

## ደረጃ 9፦ ስሌቱ

ምሳሌ እንውሰድ። ሰያፉ ባለ 50×50×5 አንድ አንግል ነው። ጋሴቱ ላይ በሁለት ጎን ተበይዷል። እግሮቹ 5 እና 4.5፣ ጉሮሮው ወደ ታች ተጠጋግቶ 3 ሚ.ሜ. ሆኗል። ርዝመቱ በአንድ ጎን 80፣ በሌላው 70 ሚ.ሜ.።

1. ከየጫፉ 3 ሚ.ሜ. ቀንሱ፦ 74 እና 64፣ ድምር 138 ሚ.ሜ.።
2. ስፋት፦ 138 × 3 = 414 ካሬ ሚ.ሜ.።
3. በኢኤስ ኢኤን 1993-1-8 (የብረት መገጣጠሚያ ዲዛይን ደረጃ) ቀላሉ ዘዴ ለኤስ235 ብረት የብየዳው የዲዛይን ጥንካሬ 360 ÷ (1.732 × 0.8 × 1.25) = 208 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው። 360 የብረቱ የመጎተት ጥንካሬ ነው፤ የቀሩት የደረጃው ማስተካከያና የደህንነት ቁጥሮች ናቸው።
4. አቅም፦ 414 × 208 = 86 ኪሎ ኒውተን ያህል (አንድ ኪሎ ኒውተን የ100 ኪሎ ክብደት ያህል ነው)።
5. ዘንጉ ራሱ፦ የአንግሉ ስፋት 480 ካሬ ሚ.ሜ. ስለሆነ 480 × 235 = 113 ኪሎ ኒውተን ያህል።

እዚህ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ብየዳው ላይ ነው። የዚህ መገጣጠሚያ ቁጥር 86 ነው፣ ያውም ጋሴቱ ከዚያ ካላነሰ።

አሁን ትልቁ ስህተት ይመጣል። 86ቱ የሚወዳደረው በማባዣ ከተባዛ ጭነት ጋር ነው፤ የራሱ ክብደት በ1.35፣ የሚጨመረው በ1.5። በአሮጌው የተፈቀደ ጫና ዘዴ ለ6013 የሚወሰደው የጥንካሬው 0.3፣ ማለትም 124 ሜጋ ፓስካል ነው። በዚያ ሲሰላ ያው ብየዳ 51 ኪሎ ኒውተን ያህል ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ የሚወዳደረው ካልተባዛ ጭነት ጋር ነው። የአንዱን አቅም ከሌላው ጭነት ጋር ያወዳደረ ሰው ወይ ጤነኛ ጣሪያ ያፈርሳል፣ ወይ አደገኛውን ያጸድቃል። ስሌት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ «ጭነቱ ተባዝቷል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጭነቱንም አታሳንሱ። 5,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ነው። የጆንያ ማንሻ ደግሞ ሲነሳና ሲቆም ይነጥቃል፣ በየቀኑም ይደጋገማል። ተደጋጋሚ ጭነት ላይ ከላይ ያለው ስሌት አይበቃም፣ የድካም ስሌት ይጨመርበታል።

ኩንታል አንጠልጥሎ መሞከርስ? በራሳችሁ አታድርጉት። አሥር ባለ መቶ ኪሎ ጆንያ ተሰቅሎ ካልወደቀ ያረጋገጠው ዛሬ አለመውደቁን ነው። ስንጥቁ ግን በሙከራው ራሱ ሊያድግ ይችላል። የጭነት ሙከራ የሚደረገው መሐንዲስ ባወጣው ዕቅድ፣ ከስር ተቀባይ ድጋፍ ቆሞ፣ ጭነቱ በደረጃ እየጨመረ፣ መርገቡ እየተለካ፣ ከስር ሰው ሳይኖር ነው።

## ደረጃ 10፦ አቅሙ ካነሰ

- ጭነት ላይ ያለ ዘንግን ሳታስደግፉ አትበይዱ። ብረት 600 ዲግሪ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ጥንካሬውን ያጣል። በጉተታ ላይ ያለን ዘንግ በተለይ ወደ ጎን አቋርጦ መበየድ አደገኛ ነው።
- ስንጥቅ ላይ ደርባችሁ አትበይዱ። ጫፎቹን በትራፓኖ ብሱ፣ እስኪጠፋ ቆፍሩ፣ በስፕሬይ አረጋግጡ፣ ከዚያ በይዱ።
- ከማወፈር ማስረዘም ይሻላል። እግሩን ከ5 ወደ 7 ማሳደግ አቅሙን በ40 ፐርሰንት ሲጨምር ኤሌክትሮዱን በእጥፍ ይበላል፣ ሙቀቱም ይበዛል። ቦታ ካለ ርዝመት ጨምሩ። ከሌለ ጋሴቱን አስፉ።
- 7018 ኤሌክትሮድ የሚጠቀም ከሆነ ደረቅ ይሁን። ክረምቱን በተከፈተ ፓኮ ሱቅ ውስጥ የከረመ ኤሌክትሮድ እርጥበት ጠጥቷል። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያደርቀውም፤ በመጋገሪያ ምድጃ ከ260 ዲግሪ በላይ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ያህል ይጋገር። የአምራቹን ወረቀት ተከተሉ።
- በብየዳው ላይ ቡሎን ጨምሮ «ሁለቱ ይካፈላሉ» ማለት አይሠራም። ብየዳው ግትር ስለሆነ ጭነቱን ቀድሞ ይይዘዋል፤ ቡሎኑ ሥራ የሚጀምረው ብየዳው ከለቀቀ በኋላ ነው።
- የተጠገነውን ወዲያው አትፈርሙለት። ከእርጥበት የሚመጣ ስንጥቅ ዘግይቶ ሊወጣ ስለሚችል ከ48 ሰዓት በኋላ እንደገና ስፕሬይ አድርጉ።

ካለቀ በኋላ ያወለቃችሁትን ቀለም መልሱ፣ ፀረ ዝገት ሳይቀቡ ወደ ክረምት አትግቡ። የመገጣጠሚያውን ቁጥር ከአዲሱ ቀለም በላይ እንደገና ጻፉት። ስዕሉን፣ ልኬቱንና ፎቶውን በሁለት ቅጂ አስቀምጡ፤ አንዱ መሐንዲሱ ዘንድ፣ አንዱ እናንተ ዘንድ። ቡድን ሀን በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ በዓይን ድገሙ።